ጌይነር በእኔ ወንበር ላይ

ጌይነር ኮልክላፍ እናቴን የወሰደችብኝ ማክሰኞ ቀን ነው። ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ ምናልባት እተወው ነበር። ማክሰኞ ግን በእኛ ቤት የአጃ ቂጣ የሚበላበት ቀን ነው። እናቴ ማዕዘኑ ላይ ካለው ቤት፣ በመስኮቱ በኩል፣ በወረቀት የተጠቀለለ ትኩስ ቂጣ ትገዛና አይብና የተጠበሰ የአሳማ ሥጋ፣ ቤከን፣ አድርጋበት አጥፋ ከእሳቱ አጠገብ ትከድንልኛለች። ከትምህርት ቤት ሮጬ ስደርስ የቀለጠው አይብ ገና ይሳባል። የዚያን ማክሰኞ የእኔን ቂጣ ጌይነር በላችው። አይቡ ሲሳብላት በመስኮት አይቻለሁ።

ስምንት ዓመቴ ነበር። የሸክላ ፋብሪካዎች ከተማ በሆነችው ሎንግተን ውስጥ፣ ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘው ቁልቁል ከሚወርዱት የጡብ ቤቶች በአንዱ እንኖር ነበር፤ እኛ ከላይ፣ ኦድሪ ኮልክላፍና ልጇ ጌይነር ከእኛ ሁለት በር ዝቅ ብለው። ኦድሪ የሥጋ ዘመዴ አይደለችም፤ ግን አክስት ኦድሪ ነው የምላት። እሷም እኔን "ዳክዬ" ነው የምትለኝ። ሎንግተን ውስጥ የሚወደድ ሰው ሁሉ ዳክዬ ነው፤ የማይወደደውም እንደዚያው።

የዚያን ዕለት ጠዋት እናቴ ፀጉሬን እያበጠረች ነበር የነገረችኝ።

"ዛሬ ከትምህርት ቤት ስትወጪ አክስት ኦድሪ ጋ ሂጂ። አባትሽ እስኪገባ እዚያ ትቆያለሽ።"

"አንቺ የት ልትሄጂ ነው?"

"የትም።"

"ቤት ነሽ?"

"ቤት ነኝ።"

"ታዲያ ለምንድነው እኔ ቤት የማልመጣው?"

ማበጠሪያው ቆመ። "ስላልኩሽ ነው፣ ዳያን። አሁን ጎንበስ በዪ።"

ሄድኩ። አክስት ኦድሪ በሩን ከፈተችልኝና የሥጋና የድንች ወጥ በጎድጓዳ ሳህን አቀረበችልኝ። ጌይነርን ዙሪያውን ፈለግኋት። አልነበረችም። ወጡ ካሮት በዝቶበታል። ሽንት ቤት መሄድ እፈልጋለሁ ብዬ በጓሮ በር ወጣሁ፤ ሽንት ቤቱን አልፌ፣ በጓሮው መተላለፊያ ሽቅብ ወጥቼ፣ የከሰል ማስቀመጫችን ላይ ቆሜ በገዛ ቤቴ መስኮት አጮለቅሁ።

ጌይነር ወንበሬ ላይ ተቀምጣለች። ቂጣዬን በልታ ጨርሳ ጣቷን ትልሳለች። ከዚያ እናቴ ብሩሽ ሰጠቻት።

ስለ ብሩሹ ካልነገርኳችሁ ምን ያህል እንደተቃጠልኩ አይገባችሁም። እናቴና አክስት ኦድሪ ሸክላ ፋብሪካ ውስጥ ሲኒ ላይ አበባ ይስሉ ነበር። እናቴ በየማታው የቀለም ማቅጠኛ፣ አኳራጅ አኳራጅ እየሸተተች ትገባለች። አሳዪኝ ብዬ ስለምናት ሁልጊዜ አንድ መልስ ነበራት፤ "ቀኑን ሙሉ ስይዘው የዋልኩትን ቤት አላመጣውም።" አሁን ግን ብሩሹ ቤት መጥቷል። የጌይነርን እጅ በእጇ ውስጥ አድርጋ፣ አሮጌ ሳህን ላይ፣ ቅጠል ታስላታለች። ጌይነር ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታለች። እናቴ ጎንበስ ብላ አገጯ የጌይነርን ፀጉር ሊነካ ምንም አልቀረውም።

የጌይነር ፀጉር በራሱ የሚጠቀለል ነው። የእኔ እንደ ዝናብ ቀጥ ብሎ ነው የሚወርደው።

ተመልሼ ስገባ አክስት ኦድሪ ወጡን አሳየችኝ። "ቀዘቀዘ እኮ፣ ዳክዬ። አትበዪም?"

"ቤታችን ካሮት እንዲህ በትልቁ አይቆረጥም" አልኳት።

"ንግሥቲቱ አልጣማቸውም" አለች ለድመቷ።

በማግስቱም እንደዚያው ሆነ። በማግስቱም።

ነገሩ ምን እንደነበር አሁን አውቃለሁ፤ ያን ጊዜ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ሰማንያዎቹ መጀመሪያ ላይ የእኛ ከተማ ፋብሪካዎች አንድ በአንድ ሲዘጉ የእናቴና የአክስት ኦድሪ ክፍልም ተቀነሰ። አበባ በእጅ መሳል ቀርቶ በወረቀት ታትሞ የሚለጠፍ ሆነ። ሁለቱ ሴቶች በአንድ ጠረጴዛ፣ ጎን ለጎን፣ ከልጅነታቸው ጀምረው ሠርተዋል። እናቴ ጽጌረዳውን ትስላለች፤ ሲኒውን ሳታይ ወደ ግራ ትሰጣለች፤ አክስት ኦድሪ ቅጠሉን ታስገባና ሳታይ ትመልሳለች። አንዷ ካመማት ሌላዋ የሁለቱንም ትሠራለች። አንዷ ከዘገየች ሌላዋ "አሁን እዚህ ነበረች" ትላለች። እዚያ ጠረጴዛ ላይ "ማን ይተካሻል?" ለሚል ጥያቄ አንድ መልስ ብቻ ነበር። ለማሰብም ጊዜ አይፈጅም።

የሥራ አጥ ክፍያ ለመጠየቅ ሲሄዱ ታዲያ ይኸው ጥያቄ ገጠማቸው። ክፍያው የሚሰጠው ዛሬ ሥራ ቢገኝ ዛሬውኑ መጀመር ለሚችል ሰው ነው። አባቴን ቢሆን ኖሮ ልጅ አለህ ወይ ብሎ የሚጠይቀው አልነበረም። ሴት ከሆንሽና ልጅ ካለሽ ግን ልጅሽን ማን እንደሚይዝልሽ በስም መናገር አለብሽ። እናቴ መጀመሪያ የሄደች ጊዜ "ሰው አላጣም" አለች። "ሰው አላጣም" መልስ አይደለም ተባለችና ባዶ እጇን ተመለሰች። አክስት ኦድሪም እንደዚሁ። በሁለተኛው ጊዜ አብረው ሄዱ፣ አብረው ተሰለፉ፣ እናቴ "ኦድሪ ኮልክላፍ" አለች፣ ኦድሪ "ሞሪን ብሉር" አለች። አንድ ሰው ቤት ድረስ መጥቶ ያጣራል ተባሉ። እናቴ ደግሞ ያላደረገችውን አደረግሁ ማለት አይሆንላትም። "ይይዙልናል ብለናል፤ እንግዲህ መያያዝ ነው" አለች። ስለዚህ ሁለት ሥራ ያጡ ሴቶች ሁለት በር ተራርቀው፣ እጃቸው ነጻ መሆኑን ለማሳየት፣ አንዷ የሌላዋን ልጅ ይዛ ትውል ጀመር።

እኔ የማውቀው የተለዋወጡን መሆኑን ብቻ ነበር።

የሰማሁትም ሁሉ ይህንኑ ያረጋግጥልኝ ነበር። አንድ ቀን አባቴ ቡቱን እያወለቀ፣ "ሲኒ መቀባበል ሲቀርባችሁ ልጅ ትቀባበሉ ጀመር?" ሲል ሰማሁት። አባቴ ሌን የሰድር ፋብሪካ ሠራተኛ ነው፤ ያን ጊዜ በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ነበር የሚያሠሩት። እናቴ ሳቀች። "ቢያንስ ጌይነር ረጋ ያለች ናት" አለች። "ኦድሪ ናት የምታሳዝነኝ። የእኛዋ እሳት ናት።"

ደረጃው ላይ ተቀምጬ ነበር። ረጋ ያለች። ቃሏን ይዤ ተኛሁ፣ ይዤው ተነሣሁ። በማግስቱ ክፍል ውስጥ ረጋ ለማለት ሞከርኩ፤ መምህርቷ ታምመሻል ወይ አለችኝ።

ጌይነርን በየጠዋቱ በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር እመረምራት ነበር።

"ትናንት ምን በላሽ?"

"ዳቦ። በእንቁላል።"

"እንቁላሉ ስንት ነበር?"

"እኔ እንጃ። አንድ።"

"ወንበሬ ላይ ነው የተቀመጥሽው?"

"እዚያ ነው ያስቀመጠችኝ።"

"ምን አለችሽ?"

ጌይነር አሰበች። የምትዋሽ ልጅ አልነበረችም፤ ይህም ያናድደኝ ነበር። "ስለ አንቺ ነው የምትጠይቀኝ። ምሳሽን በልተሽ እንደሆነ፣ ከማን ጋር እንደተጫወትሽ። ከሻሮን ጋር መጣላትሽንም ነገርኳት።"

"ሰላይ ነሻ" አልኳት።

"ጠየቀችኛ።"

"እኔን ራሴን አትጠይቀኝም ነበር?"

"አንቺ እኮ የለሽም" አለች ጌይነር፤ በደግነት ነበር ያለችው።

ገፋኋት። በጉልበቷ ወደቀች፤ አጥሩን ይዛ ተነሣችና ቀሚሷን አራገፈች። ማታ እናቴ ጉልበቷ ስለተላጠው ስለ ጌይነር አባቴን ስታወራው ሰማሁ። ስለ እኔ ጉልበት ያወራ አልነበረም። የተላጠ ነገር ስላልነበረኝ በማግስቱ ሆን ብዬ ወደቅሁ። ጉልበቴን ያጠበችልኝ አክስት ኦድሪ ሆነች።

አጣሪው የመጣው ዝናባማ በሆነ ከሰዓት ነው። መጀመሪያ የመጣው ወደ አክስት ኦድሪ ቤት ነበር። አቶ ሃልም ይባላል፤ ረጅም፣ ጫማው ውኃ የጠጣ፣ ቦርሳውን ከካፖርቱ ሥር ደብቆ የያዘ ሰው ነው። እኔ ጠረጴዛው ላይ ሆኜ የአክስት ኦድሪን ካሮት ወደ ሳህኔ ዳር እገፋ ነበር።

"ይህቺ ልጅዎ ናት?" አላት።

"የሞሪን ናት።"

"የእርስዎስ?"

"ሞሪን ጋ።"

አቶ ሃልም እኔን አየኝ፤ አክስት ኦድሪን አየ፤ ከዚያ ወደ ጣሪያው አየ። "ቀጥሎ የምሄደው ወደ ወይዘሮ ብሉር ነው" አለ።

"እንግዲያው በአንድ ዣንጥላ እንሂዳ" አለች አክስት ኦድሪ። "ለሁለት በር ብለው አይበስብሱ።"

ሦስታችንም በአንድ ዣንጥላ ሽቅብ ወጣን። እኔ መሃል ነበርኩ። ሰውየው ለምን እንደመጣ ገብቶኛል ብዬ አምኜ ነበር፤ የት መኖር እንዳለብን ሊወስን ነው የመጣው። ትምህርት ቤት ተቆጣጣሪ ሲመጣ እንደምንሆነው ሆኜ፣ ጀርባዬን አቅንቼ፣ ፀጉሬን በምራቄ አስተኝቼ ገባሁ። ወጥ ቤታችን ሞቅ ብሎ ነበር። ጌይነር ወንበሬ ላይ ሆና ትስላለች። ቀና ብላ አየችንና ወደ ቅጠሏ ተመለሰች። መመረጥ እንዳለባት የነገራት የለም ወይም መመረጧን አውቃለች ብዬ አሰብኩ።

እናቴ ሻይ ቀዳች። አቶ ሃልም ከመጠጣቱ በፊት የሲኒውን ሳህን አንሥቶ ገለበጠና ከሥሩ ያለውን ማህተም አየ። የእኛ ከተማ ሰው የትም ሄዶ ሳህን ሳይገለብጥ አይበላም፤ ቢሮም ገብቶ ይኸው ነው።

"ከእናንተው ፋብሪካ ነው" አለ።

"ከእኛው። ሁለተኛ ደረጃ ነው፤ ጠርዙ ላይ ነጥብ አለው።"

"አይታየኝም።"

"ለእኔ ግን ይታያል" አለች እናቴ።

"እናቴ ጠርዝ ላይ ወርቅ ትቀባ ነበር" አለ፤ ለአንድ አፍታ እንደማንኛችንም ሰው መሰለ። ከዚያ እስክሪብቶውን አወጣ። "እንግዲህ። ነገ ጠዋት ለእርስዎ ሥራ ተገኘ እንበል፣ ወይዘሮ ብሉር።"

"አሜን" አለች አክስት ኦድሪ።

"ዳያንን ማን ይይዛታል?"

"ኦድሪ።"

"መልካም። በዚያው ጠዋት ለወይዘሮ ኮልክላፍም ሥራ ተገኘ። ጌይነርን ማን ይይዛታል?"

"ሞሪን" አለች አክስት ኦድሪ።

"ወይዘሮ ብሉር ሥራ ላይ ናቸው።"

"እንግዲያው ኦድሪ…" አለች እናቴ። ቆመች።

"እሳቸውም ሥራ ላይ ናቸው" አለ አቶ ሃልም በለሰለሰ ድምፅ።

 ዝናቡ ከቧንቧው ወደ ጓሮው ሲወርድ ይሰማል። እናቴ አክስት ኦድሪን አየቻት። አክስት ኦድሪ እናቴን አየቻት። እውነቴን ነው፣ ሁለቱም እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አልታያቸውም ነበር። ዕድሜ ልካቸውን አንዷ ስትጎድል ሌላዋ ስለነበረች፣ ሁለቱም በአንዴ የሚጎድሉበት ጠዋት ይኖራል ብሎ ያሰበ አልነበረም። መጀመሪያ እናቴ ናት የሳቀችው። አፏን በመሐረብ ይዛ ሳቀች። አክስት ኦድሪ ተከተለቻት፤ ወንበሩን እስክትደገፍ ሳቀች። አቶ ሃልምም ትንሽ ሳቀና አፍንጫውን ጠረገ።

"እኔ ብስቅም ቢሮው አይስቅም" አለ። "ስሙኝ። ከሁለታችሁ አንዳችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። ሌላዋ ልጅ ያዥ ትሆናለች እንጂ ሥራ ፈላጊ አትሆንም፤ ክፍያው አይመለከታትም። ሁለታችሁም ከጠየቃችሁ ለሁለታችሁም የለም። እስከ ዓርብ ወስኑና ንገሩኝ።"

ሳቁ ቆመ። ከዚያ ሰውየው ወደ እኔ ዞረ።

"አንቺስ፣ ዳክዬ፣ አክስት ኦድሪ ጋ ይመችሻል?"

ጊዜው ይህ ነው ብዬ አሰብኩ። ረጋ አልኩ። እጄን ዘርግቼ ጌይነር የተቀመጠችበትን አሳየሁት።

"ያ የእኔ ወንበር ነው" አልኩ።

እናቴ ፊቷን ወደ እሳቱ አዞረች። አቶ ሃልም የሆነ ነገር ጻፈ። ጌይነር ከወንበሩ ተነሥታ ቆመች፤ ብሩሹን ግን አልለቀቀችም። ሰውየው ሲወጣ እናቴ "በይ ዳያን፣ ወደ አክስትሽ" አለችኝ፤ አባቴ ገና አልገባም ነበርና። በዝናቡ ውስጥ ወረድኩ። ከበራችን ስወጣ ዞሬ ሳይ ጌይነር ተመልሳ ተቀምጣ ነበር።

ዓርብ አለፈ። ሰኞ ጠዋት አክስት ኦድሪ በራችን ላይ ቆማ፣ ዓይኗ ቀልቶ፣ "ከዛሬ ጀምሮ ቤትሽ ነሽ፣ ዳክዬ" አለችኝ። ደስታዬ እስከ ከሰዓት ቆየ። ከሰዓት ከትምህርት ቤት ስወጣ ጌይነር አጠገቤ መራመድ ጀመረች። የእነሱን በር አለፈች።

"በራችሁን አልፈሻል" አልኳት።

"ወደ እናንተ ነው" አለች።

ፍርዱ ያን ጊዜ ገባኝ፣ ወይም የገባኝ መሰለኝ። አክስት ኦድሪ ካሮቴን የምትገፋ ልጅ አልፈልግም ብላ መለሰችኝ። ጌይነርን ግን እናቴ አስቀረቻት። አንደኛዋ ተመረጠች፤ ሌላዋ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ የደረሰብን ሁሉ ይህንኑ የሚያጠናክር ሆነብኝ። ያን ክረምት የፊተኛውን ክፍል እሳት አቆምን፤ ከሰሉን የምትጨርሰው ጌይነር ናት አልኩ። ማክሰኞ ማክሰኞ ቂጣው ውስጥ ቤከን ቀረ፤ እሷ ስለምትበላው ነው አልኩ። ጌይነር ወንበሬን ለቅቃ በርጩማ ላይ ትቀመጥ ነበር፤ እሱንም ቢሆን አልወደድኩላትም። በበጋው፣ የሸክላ ሠራተኛ ሁሉ ሥራ ዘግቶ ወደ ባሕር በሚወርድበት ሳምንት፣ እኛ ቤት ቀረን። አክስት ኦድሪና ጌይነር ግን በአውቶቡስ ወደ ዌልስ ሄዱ። ጌይነር ስትመለስ ዱላ የሚመስል ሮዝ ከረሜላ አመጣችልኝ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ የባሕሩ ከተማ ስም ውስጡ የተጻፈበት። እናቴን ወስዳ፣ ከሰላችንን ሞቃ፣ ባሕሩንም አይታ፣ ከረሜላ ሰጠችኝ። ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ጣልኩት። ጉንዳን ወረረው።

እናቴ በሌላ ፋብሪካ ሥራ ያገኘችው ከዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ ሲኒ በሣጥን ማሸግ። ብሩሽ ዳግመኛ ይዛ አልሠራችም። ጌይነር ግን የተማረችውን አልጣለችም። ዛሬ ለጎብኚዎች ሲኒ ትስላለች፤ ጽጌረዳዋን ያየ የከተማችን ሰው ሳህኑን ሳይገለብጥ የማን እጅ እንደሆነ ያውቃል። አበባውን ከውጪ ወደ ውስጥ ነው የምትስበው፤ እናቴ እንደምትስበው። እኔ ቀጥ ያለ መስመር አልስልም።

እናቴ ባለፈው መጋቢት ሞተች። ጸሎት ቤቱ ውስጥ ጌይነር ሁለተኛው መደዳ ላይ፣ ልክ ከኋላዬ ተቀምጣ አለቀሰች። በደንብ፣ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም። ሃምሳን ያለፍኩ ሴት ነኝ፤ የእናቴ ሬሳ ፊቴ ነው፤ እኔ ግን የጌይነርን ልቅሶ እየሰማሁ፣ ይህቺ ሴት ዛሬም ከእኔ ቀድማ ገባች እላለሁ።

ከቀብር መልስ ወጥ ቤት ገብቼ ሲኒ ማጠብ ጀመርኩ። አክስት ኦድሪ በምርኩዟ ተደግፋ ተከተለችኝ። ሰማንያ ሊሞላት ነው። በርጩማው ላይ ተቀመጠችና የታጠበውን ታደርቅልኝ ጀመር። እሷ ታደርቃለች፣ እኔ አጥባለሁ፤ ሳላይ ወደ ግራ እሰጣታለሁ።

"ጌይነር አብዝታ አለቀሰች" አልኳት። ድምፄ ውስጥ የነበረውን ሰማችው መሰለኝ።

"ሞሪን ለሁለት ዓመት ያህል አሳድጋታለች እኮ።"

"አውቃለሁ። እኔም እዚያው ነበርኩ።"

አክስት ኦድሪ ሲኒውን አስቀመጠች። "አንቺ እስከዛሬ ትቀኛለሽ እንዴ?"

ሌላ ሲኒ ውኃው ውስጥ ነከርኩ።

"ሞሪን ክፍያውን ለምን የተወችው ይመስልሻል?"

"ለአንቺ ብላ። አንቺ ባል ስላልነበረሽ።"

"ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚለው። እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር" አለች። "ሐሙስ ዕለት ዕጣ ልናወጣ ክብሪት ሰብሬ መጣሁ። ረጅሙን የሳበች ክፍያውን ትውሰድ አልኳት። ባል ኖረም አልኖረም እኩል ነን አልኳት፣ ለኩራቴ። እሷ እጄን እንዳለ ጨበጠችውና 'አስቀምጪው' አለችኝ። 'ረጅሙ ለእኔ ቢወጣ ዳያን አንቺ ጋ ትቀራለች' አለችኝ። 'ሥራ እስካገኝ ድረስ። መቼ እንደማገኝ ደግሞ አንድዬ ነው የሚያውቀው። በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስትመጣ እዚህ በር ሳትደርስ አንቺ ጋ ትገባለች። ለጌይነር ቅጠል ሳስል ጆሮዬ ውጪ ነው፣ ኦድሪ። እግሯን አውቀዋለሁ። ከሁሉም ልጆች እግር ለይቼ አውቀዋለሁ፤ ወደ ሌላ ቤት ሲገባ መስማት ግን አልቻልኩም። ውሰጂው። እኔ የእኔን ቤቴ እፈልጋለሁ።'"

ውኃው ቀዝቅዞ ነበር። እጄን አላወጣሁም።

"ላመሰግናት ስል ተቆጣችኝ" አለች አክስት ኦድሪ። "'አታመስግኚኝ፣ የማልፈልገውን ነው የሰጠሁሽ' አለችኝ። ሌንን ግን አስቢ። ያን ክረምት እንዴት እንዳለፋችሁት እኔ ነኝ የማውቀው። አንድ ቀን አልወቀሳትም።" ሌላ ሲኒ አነሣች፤ በልማድ ገለበጠችው፤ ከሥሩ አየችና ማድረቅ ቀጠለች። "እኔ ደግሞ ነግራሻለች ብዬ አስብ ነበር።"

አልነገረችኝም። ምን ብላ ትነግረኛለች? እናት ልጇን ስለፈለገች ያጣችውን ለልጇ አትነግርም፤ ልጅቱ ዕዳ ይመስላታል።

ከዚያ ወዲህ ያንን ሰኞ ደጋግሜ አየዋለሁ። ጌይነር በራቸውን አልፋ ከጎኔ ትራመዳለች። ደመና ነው። እኔ ተናድጄ ቀደም ቀደም እላለሁ፤ ጫማዬን ሆን ብዬ ድንጋዩ ላይ እመታለሁ። በራችን ጋ ሳልደርስ በሩ ተከፈተ። ያን ጊዜ እንዴት አወቀች ብዬ አልጠየቅሁም። እናቴ ደፍ ላይ ቆማለች፣ እጇ ዱቄት ነው፣ በሽርጧ ትጠርገዋለች፣ ደግማ ትጠርገዋለች።

ገባን። ጌይነር ካፖርቷን በራሷ አውልቃ በራሷ ሰቀለችው። እኔም የካፖርቴን ቁልፍ መፍታት ስጀምር እናቴ ፊቴ ተንበረከከችና እጄን ገለል አደረገችው። ከላይ ጀመረች። አንዱን ፈታች፣ ቀጣዩን ፈታች፣ ቀስ ብላ፣ የሚሰበር ነገር እንደምትይዝ።  አንዱ ቁልፍ አልወጣ አላት፤ አልረዳኋትም። ስምንት ዓመቴ ነው፤ ካፖርቴን ማውለቅ ከቻልኩ ቆይቻለሁ። ከትከሻዋ በላይ ጌይነርን አየኋት። እንደ ትልቅ ሰው በራሷ ሰቅላ፣ በራሷ እጇን ታጥባ፣ ማንም ሳይነካት ጠረጴዛው ጋ ቆማለች።

እሷ እንደ ትልቅ ልጅ ትታያለች፤ እኔ እንደ ሕፃን አውልቁላት እባላለሁ ብዬ፣ እናቴ የመጨረሻውን ቁልፍ ስትፈታ፣ በጌይነር ቀናሁ።